ጠባብ መጋዘን፣ ብዙ መዳረሻ፦ ባሕር ዳር ላይ የትኛው የዕቃ መለያ ማሽን ያዋጣል?

ዕቃን በየመዳረሻው የሚለይ ማሽን ለመግዛት ፕሮፎርማ ካሰባሰቡ በኋላ ግራ መጋባት ያለ ነው። አንዱ ሻጭ «በሰዓት 12 ሺህ ዕቃ ይለያል» ይላል። ሌላው «ሮቦቶቹ ራሳቸው ሄደው ቻርጅ ይሆናሉ» ይላል። ሦስተኛው አምፖል የተገጠመለት መደርደሪያ ያቀርባል፤ ዋጋው ከሁለቱ ጎን ሲቀመጥ ቀልድ ይመስላል። ሦስቱም ላይዋሹ ይችላሉ። ግን አንዳቸውም ስለ እርስዎ መጋዘን አላወሩም።

ይህ መመሪያ ባሕር ዳር ወይም በጣና ዙሪያ መጋዘን ይዘው ዕቃ ለሚያከፋፍሉ ሰዎች ነው። ጅምላ ነጋዴ፣ የመድኃኒት አከፋፋይ፣ የዴሊቨሪ ድርጅት፣ የልብስ ፋብሪካ፣ ሁሉም ያው ጣጣ አለበት፦ ዕቃው በአንድ በር ይገባል፣ በብዙ አቅጣጫ ይወጣል፣ መሀል ላይ ቦታ የለም። የብራንድ ስም አላነሳም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እዚህ ከተማ ላለ አብዛኛው መጋዘን ከፍጥነት ይልቅ ተፈትቶ እንደገና የሚገጠም መሆኑ ይበልጣል። ቤቱ የኪራይ ነው። አከራዩ ነገ ዋጋ ሊጨምር፣ ቤቱን ለልጁ ሊፈልገው ይችላል። ወለል ላይ በብሎን የተቸነከረ ማሽን ይዞ መደራደር ደግሞ አይመችም።

ማሽን ከማየት በፊት

መጀመሪያ ስንት ቦታ እንደሚልኩ ይቁጠሩ። ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ካርቶን ነው፤ የማሽኑን ስፋትና ዋጋ ይበልጥ የሚወስነው ግን የመዳረሻው ብዛት ነው። ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ሐሙሲት፣ መርዓዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ አዴት፣ ሞጣ። በከተማ ደረጃ ከለዩ 11 መውጫ (የተለየው ዕቃ ከማሽኑ የሚወርድበት ቦታ) ይበቃዎታል። በሱቅ ደረጃ ከለዩ ግን 150 ወይም 200 ሊደርስ ይችላል። ያኔ የሚገዙት ማሽን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ቦታ ለጠበበው ሰው አንድ ዘዴ አለ። ሁለት ዙር መለየት። በመጀመሪያው ዙር በመኪና መስመር ይለያሉ፣ በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን መስመር በሱቅ ይለያሉ። 12 መውጫ ያለው ማሽን በሁለት ዙር 144 መዳረሻ ይሸፍናል። ጉዳቱ እያንዳንዱ ዕቃ ሁለቴ መነካቱ ነው። ጊዜ ካለዎት ግን ቦታውን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ሻጮች ይህን ብዙም አይነግሩዎትም፤ ትልቁን ማሽን ቢገዙ ይመርጣሉ።

ቀጥሎ የጭንቅ ሰዓትዎን ይለኩ። የቀን አማካይ ያታልላል። በቀን 3,000 ካርቶን የሚያወጣ መጋዘን፣ በ10 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 300 ይሆናል። ነገር ግን የገጠር መስመር አይሱዙዎች ማለዳ መውጣት ይፈልጋሉ። ከ3,000ው 2,000ው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት መጫን ካለበት፣ የሚያስፈልግዎ በሰዓት 670 ገደማ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ሲከፈትማ ዕቃው በአንዴ ይግተለተላል። ማሽን የሚመረጠው በዚያ ቀን ልክ ነው።

ሦስተኛው የዕቃው ቅርጽ ነው። የሮለር ማጓጓዣ፣ ማለትም ዕቃ በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ የሚሄድበት መስመር፣ አንድ ቀላል ሕግ አለው፦ ዕቃው ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ሮለር ላይ መቀመጥ አለበት። በሮለሮቹ መካከል ያለው ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከ22.5 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ዕቃ ይንገዳገዳል ወይም ይወድቃል። የሳሙና ካርቶንና የጫማ ካርቶን ችግር የለባቸውም። ትንሽ የመድኃኒት ፓኮ፣ የሞባይል ከቨር፣ የመኪና ቡሽ ግን በትሪ ላይ ካልሆነ አይሄድም። የ20 ሊትር ዘይት ጄሪካን በቀጥታ መስመር ላይ እሺ ይላል፣ ሲከብድ ሆዱ ስለሚነፋ ግን ወደ ጎን ሲገፋ ይሽከረከራል። ኩንታል ከጨዋታ ውጭ ነው። ጤፍና በርበሬ በጆንያ የሚነግድ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ጥሩ ጋሪ ቢገዛ ይሻለዋል።

ቦታን በካሬ ብቻ አይለኩ። የብዙ መጋዘኖቻችን የቆርቆሮ ጣሪያ አምስትና ስድስት ሜትር ከፍ ይላል፣ ዕቃው ግን ሁለት ሜትር ላይ ያበቃል። ከላይ ያለው ባዶ ነው፣ ኪራዩ ግን ይከፈልበታል። በተጨማሪ ብሮሹር ላይ የተጻፈው ስፋት የማሽኑ ብቻ ነው። ሰው የሚቆምበት፣ ጋሪ የሚዞርበት፣ የሞላው ካርቶን የሚከመርበት አይቆጠርም። እኔ የብሮሹሩን ስፋት በሁለት አባዝቼ ነው የምጀምረው።

መብራት፣ ከፍታና አየር

ይህ ክፍል በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ብዙም አይገኝም። ለእኛ ግን ወሳኙ እሱ ነው።

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን በቅርብ እንየው። ካርቶኑ በስካነር ሥር አልፏል፤ ኮምፒውተሩ «ይህ የዳንግላ ነው፣ አራተኛው መውጫ ላይ ይወርዳል» ብሎ መዝግቧል። ካርቶኑ ወደ አራተኛው መውጫ እየሄደ ሳለ መብራት ይጠፋል። ጀነሬተር ተነሥቶ መስመሩ እስኪመለስ ጊዜ ያልፋል። መቆጣጠሪያው እንደገና ሲነሣ የማጓጓዣው ቀበቶ ላይ ያለው ካርቶን የማን እንደሆነ ረስቷል። በጥሩ ማሽን ያ ካርቶን «ያልታወቀ» ወደሚባለው መውጫ ይሄድና እንደገና ይነበባል። በመጥፎ ማሽን ደግሞ ሌላ ሰው መኪና ላይ ይወጣል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሞተሮቹን በሙሉ በባትሪ መያዝ አያስፈልግም። መቆጣጠሪያውን፣ ስካነሩን፣ ኮምፒውተሩንና የቀበቶውን ጉዞ የሚቆጥረውን ኢንኮደር ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ላይ ያድርጉ። ቀበቶው ይቆማል፣ ትዝታው ግን አይጠፋም። መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሻጩ ይህን በሥዕሉ ላይ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። «ዩፒኤስ እናቀርባለን» የሚል አንድ መስመር አይበቃም፤ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ሶኬት እንደሚሄድ መታየት አለበት።

ከፍታ ሌላው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በመደበኛው የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም። ለፍጥነት መቆጣጠሪያ ኢንቨርተሮች የተለመደው ስሌት በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ መቀነስ ነው። እዚህ ስምንት በመቶ ገደማ ይሆናል። ማሽኑ ሙሉ አቅሙ ላይ እንዲሠራ ከተነደፈ ሞተሩ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል።

በአየር ግፊት የሚሠራ መግፊያ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ኮምፕሬሰሩ እዚህ የሚስበው አየር ከባሕር ወለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ታንኩ ለመሙላት ይዘገያል። ክረምት ላይ ደግሞ የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ማድረቂያ ካልተገጠመ ቫልቩ ይዝጋል። ዕቃ በአየር የሚገፋና በኤሌክትሪክ የሚገፋ ማሽን በእኩል ዋጋ ከቀረበልዎ ሳያመነቱ የኤሌክትሪኩን ይውሰዱ። ጸጥ ያለ መሆኑ ምርቃት ነው።

ኢንተርኔትም አለ። ሶፍትዌሩ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ የሚኖር ከሆነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መጋዘንዎ ይቆማል። ፕሮግራሙ እዚያው ቢሮዎ ባለ ኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት። ይህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይያዙ።

አማራጭ አንድ፦ የመብራት መደርደሪያ

ማሽን ለመባል ያንሳል ይሉታል። እኔ ግን ከዚህ እንዲጀምሩ እመክራለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክፍት ሳጥኖች ያሉት መደርደሪያ አለ። እያንዳንዱ ሳጥን ለአንድ ደንበኛ ወይም ከተማ ነው። ሠራተኛዋ ዕቃውን ስካን ስታደርግ የአንዱ ሳጥን መብራት ብልጭ ይላል፣ ቁጥሩም ይታያል፤ «3» ካለ ሦስት ታስገባለች። አስገብታ ቁልፉን ትጫናለች። ትእዛዙ ሲሟላ በመደርደሪያው ጀርባ በኩል ሌላ መብራት ይበራል። ጀርባ ያለው ሠራተኛ ሳጥኑን ስቦ ያሽጋል፣ ዝርዝሩን አትሞ ይለጥፋል። ሁለት ሰው አንድ መደርደሪያ ላይ ከሠሩ አንዷ በአረንጓዴ፣ ሌላዋ በሰማያዊ መብራት ይመራሉ። ማንበብ የማትወድ አዲስ ሠራተኛም በአንድ ቀን ትለምደዋለች።

ቦታውን እናስላ። 6 ሜትር ርዝመት ያለው መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ ሳጥን 50 ሴንቲ ሜትር፣ አራት ደረጃ። 48 መዳረሻ ይሆናል። ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊትና ከኋላ 1.2 ሜትር መተላለፊያ ሲጨመር 18 ካሬ ሜትር ነው። ይህንኑ 48 መዳረሻ አሁን እንደሚደረገው ወለል ላይ በፓሌት ቢደረድሩት፣ ለአንዱ ከነመተላለፊያው 2.5 ካሬ ቢይዝ፣ 120 ካሬ ይፈልጋል። ልዩነቱን በኪራይ ያባዙት።

ፍጥነቱ በሰው ይወሰናል። የለመደች ሠራተኛ እንደ ዕቃው ዓይነት በሰዓት ከ200 እስከ 400 ታስቀምጣለች። ቅድም ላልነው 670፣ በአማካይ ፍጥነት ሦስት ሰው ይበቃል። መብራት ሲሄድ አነስተኛ ዩፒኤስ ይይዘዋል፤ ሞተር የለውማ። ሲዛወሩ ፈትተው አይሱዙ ላይ ይጭኑታል።

ደግሞ ብረቱን ከውጭ ማምጣት የለብዎትም። የመደርደሪያውን አንግል ብረትና ላሜራ ከተማው ውስጥ ያሉ ብየዳ ቤቶች ይሠሩታል። በዶላር የሚገዛው መብራቱ፣ መቆጣጠሪያውና ስካነሩ ብቻ ነው። የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር የሚያልቀው ክፍል በበዛ ቁጥር እንቅልፍዎ ይሻላል።

ድክመቱ ከባድ ካርቶን ነው። ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይኛው ደረጃ ማንሣት ወገብ ይሰብራል። ለሙሉ ካርቶን ቀጣዩ ይሻላል።

አማራጭ ሁለት፦ ባለ 24 ቮልት ሮለር ማጓጓዣ

በዚህኛው ሞተሩ በሮለሩ ውስጥ ነው። መስመሩ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሞተር ሮለር፣ የራሱ ሴንሰር አለው። ፊቱ ያለው ክፍል ካልተለቀቀ ይቆማል። ዕቃ ከሌለ አይሽከረከርም። ስለዚህ ካርቶን ከካርቶን አይጋጭም፣ መብራትም በከንቱ አይባክንም። አንዱ ሞተር ሮለር በአሥር የሚቆጠር ዋት ነው የሚወስደው። ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነም በባትሪ ለመያዝ ይመቻል።

መውጫዎቹ ላይ ከሥር ብቅ የሚሉ ትናንሽ ጎማዎች ወይም ቀበቶዎች ይገጠማሉ። ካርቶኑ ሲደርስ ብቅ ብለው ወደ ጎን ይወስዱታል። በሰዓት ከ1,200 እስከ 2,000 ካርቶን መጠበቅ ይቻላል።

የዚህ ማሽን ውበት በቁርጥራጭ መምጣቱ ነው። ሁለትና ሦስት ሜትር የሆኑ ክፍሎች በብሎን ይያያዛሉ፣ ገመዱ በፕላግ ይገናኛል። ዘንድሮ 6 መውጫ፣ ለዓመቱ 4 መጨመር ይቻላል። ቅርጹንም ቀጥ ብቻ ሳይሆን በዩ ወይም በኤል ማድረግ ይቻላል፤ ምሰሶ መሀል ላይ ላለው መጋዘን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመውጫዎቹ ጫፍ ላይ ሞተር የሌለው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ማጓጓዣ ይጨምሩ። መኪናው ሲመጣ ሆዱ ድረስ ይዘረጋል፣ ሲሄድ ተሰብስቦ ግድግዳ ይጠጋል። ብቻውን ቢገዙት እንኳ የጫኝና አውራጁን ድካም ይቀንሳል።

ለ10 መውጫ፣ በየጎኑ አምስት አድርገው፣ ከማስገቢያው ጋር 60 ካሬ ሜትር አካባቢ ያስቡ። ለቦታው ብዛት መዳረሻው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ በከተማ ደረጃ ለሚለይ ሰው ነው። በሱቅ ደረጃ የሚለይ ሰው ይህን ለመጀመሪያው ዙር፣ የመብራት መደርደሪያውን ለሁለተኛው ቢያጣምር ጥሩ ጋብቻ ይሆናል።

የሚበላሸው በአብዛኛው ሮለሩና የመቆጣጠሪያ ካርዱ ነው። ሮለር መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ መለዋወጫው እጅዎ ላይ ካለ። ከሌለ ግን ባንክ ኤልሲ (የውጭ ግዢ የክፍያ ዋስትና) ከፍተው፣ ከጅቡቲ ተጉዞ፣ ደረቅ ወደብ ቆሞ እስኪመጣ ያ መውጫ ዝግ ነው። ለ20 ሮለር ቢያንስ አንድ መጠባበቂያ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ።

አማራጭ ሦስት፦ ወለል ላይ የሚሄዱ ሮቦቶች

ትናንሽ ጋሪዎች ናቸው። ሰው ዕቃውን ጀርባቸው ላይ ያደርጋል፣ ይነበባል፣ ሮቦቱ ሄዶ ጀርባውን ዘንበል አድርጎ ከረጢት ውስጥ ይጥለዋል። መንገዳቸውን ወለል ላይ ከተለጠፉ ኮዶች ያነባሉ።

በተለዋዋጭነት ይህን የሚያህል የለም። ዛሬ ስምንት፣ ለበዓል ሰሞን አሥራ ሁለት ማሰማራት ይቻላል። አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቢሄዱ ደግሞ ዕቃው በቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከመድረኩ ሥር ያለው ቦታም ይሠራበታል።

ሻጩ የሚነግርዎትን ፍጥነት ራስዎ ያስሉት። አንድ ሮቦት ደርሶ ለመመለስ 30 ሜትር ይሂድ፣ በሰከንድ 1 ሜትር፣ ለመጫንና ለማራገፍ 10 ሰከንድ። አንድ ዙር 40 ሰከንድ፣ በሰዓት 90 ዙር። መጨናነቅና ቻርጅ ሲቀነስ 60 ወይም 70 ቢሉት፣ ለ670 ዕቃ አሥር ገደማ ሮቦት ያስፈልጋል። አሥሩ በአንድ ላይ ቻርጅ እንዳይፈልጉ ደግሞ ተጨማሪ ሁለት።

እኔን የሚያሳስበኝ ወለሉ ነው። ሊሾው የተሰነጠቀ፣ እዚህም እዚያም የተጠገነ ወለል ላይ ጎማቸው ይደናቀፋል። በዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ክረምትና በጋ ወለሉ ይንቀሳቀሳል። የጆንያ ብናኝና የጫማ ጭቃ ኮዶቹን ይሸፍናል። ስለዚህ የወለል ማስተካከያውን ወጪ ከሮቦቱ ዋጋ ጋር ደምሩት። ኪራይ ቤት ከሆነ የሌላ ሰው ወለል እያደሱ ነው።

ቀላልና ትናንሽ ፓኬት ለሚያከፋፍል የዴሊቨሪ ድርጅት፣ የራሱ ቤት ላለው፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ለዘይትና ለሳሙና አከፋፋይ አይሆንም።

አማራጭ አራት፦ ተንጠልጣይ ከረጢት

ከረጢቶች በጣሪያ ሥር ባለ ሐዲድ ላይ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ከረጢት አንድ ዕቃ ይይዛል። ወለሉ ነጻ ይሆናል። ለልብስ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ሸሚዝና ሱሪ በመጠንና በቀለም ለሚለይ የጋርመንት ፋብሪካ ከዚህ የተሻለ የቦታ አጠቃቀም አላውቅም።

ግን ሐዲዱን በጣሪያው ብረት ላይ ለመስቀል አይሞክሩ። የመጋዘን ጣሪያ ቆርቆሮና ንፋስ እንዲችል እንጂ ተንቀሳቃሽ ጭነት እንዲሸከም አይሠራም። የራሱ ቋሚዎች ያሉት ይሁን። የሕንፃ መሐንዲስ ሳያይ አይፈርሙ።

አማራጭ አምስት፦ ትልልቆቹ

ክሮስ ቤልት የሚባለው ትንንሽ ቀበቶ የጫኑ ጋሪዎች በክብ የሚዞሩበት ነው። ሌላው ትሪውን እያዘነበለ ይጥላል። ሦስተኛው በመስመሩ ላይ በሚንሸራተቱ ጫማ መሰል መግፊያዎች ይገፋል። ሦስቱም በሰዓት ወደ 10 ሺህ እና ከዚያ በላይ መለየት ይችላሉ። ረጅም ቦታ፣ ባለ ሦስት ፌዝ አስተማማኝ ኃይል፣ ቋሚ ቴክኒሻን ይፈልጋሉ። ዕቃ ባይኖርም ማሽኑ ይዞራል። ቦታ ለሚቆጥብ፣ ጋሪዎቹ ከሥር የሚመለሱበት ቀጥ ያለ አጭር ዓይነትም አለ። በጭንቅ ሰዓት 4,000 ዕቃ ካልደረሱ አይድከሙበት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | በሰዓት | የሚስማማው መዳረሻ | ቦታ | መብራት ሲሄድ | ማዛወር | የመነሻ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የመብራት መደርደሪያ | በአንድ ሰው 200–400 | ከ20 እስከ 200 | በጣም ትንሽ | በዩፒኤስ ይቀጥላል | ቀላል | ዝቅተኛ |
| 24 ቮልት ሮለር | 1,200–2,000 | ከ4 እስከ 15 | መካከለኛ | በባትሪ መያዝ ይቻላል | ቀላል | መካከለኛ |
| ሮቦት | በአንዱ 60–70 | ከ20 እስከ 100 | መካከለኛ | በባትሪው ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ዩፒኤስ ይፈልጋል | ቀላል፣ ወለሉ ከተስማማ | ከፍተኛ |
| ተንጠልጣይ ከረጢት | እንደ መጠኑ በሺዎች | ብዙ | ወለል አይነካም | ይቆማል | ከባድ | ከፍተኛ |
| ክሮስ ቤልትና መሰሎቹ | ወደ 10 ሺህ እና በላይ | ከ50 በላይ | ትልቅ | ይቆማል፣ እንደገና ይነበባል | በጣም ከባድ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ከዚህ በፊት ሁሉን በደብተር ሲሠሩ የነበሩ ከሆነ ማሽን አይግዙ። መጀመሪያ ባርኮድ ያስገቡ። የአገር ውስጥ ዕቃ ብዙው ባርኮድ የለውም፤ ስለዚህ የመለያ ማተሚያና ሁለት ስካነር ይበቃል ለመነሻ። ጆንያ ላይ ወረቀት አይጣበቅም፤ ካርድ አትመው ከአፉ ጋር ይስፉት። በሙቀት የሚታተም ርካሽ ወረቀት ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል፣ የውጭ ማራገፊያ ላላችሁ ይህን ልብ በሉ። ማተሚያው የአማርኛ ፊደል ማተም መቻሉንም እዚያው ሱቅ ያስሞክሩ። ባርኮዱ ቁጥር ብቻ ቢይዝም ሹፌሩ የሚያነበው «ዱርቤቴ» የሚለውን ነው።

በሱቅ ደረጃ ለሚለይና ኪራይ ቤት ላለ፦ የመብራት መደርደሪያ፣ ብረቱ እዚሁ ተበይዶ። ለመድኃኒትና ለኮስሜቲክስም ይኸው ነው፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን እዚያው ስካን ማድረግ ይቻላል።

በከተማ ደረጃ ሙሉ ካርቶን ለሚጭን ጅምላ አከፋፋይ፦ ስድስት መውጫ ያለው 24 ቮልት ሮለር። በጀቱ ካልበቃ ሞተር የሌለውን የሚዘረጋ ማጓጓዣ ብቻ ገዝቶ በእጅ መለየት አያሳፍርም። ፓኬት ለሚያመላልስና የራሱ ቤት ላለው ሮቦት ይታሰባል። ለጋርመንት ተንጠልጣይ ከረጢት፣ ያውም ሕንፃው ገና በሥዕል ላይ ካለ።

ማዋጣቱን ስታሰሉ በጉልበት ቁጠባ አትጀምሩ። የቀን ሠራተኛ ክፍያ የማሽኑን ዋጋ እስኪመልስ ዘመን ይፈጃል። የሚያዋጣው በስሕተት ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መኪና እስከ ወረታ አንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ እዚያ ይለያያሉ። የደብረ ታቦር ካርቶን በጎንደር መኪና ከተጫነ ከወረታ ወዲያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በከንቱ ይሄዳል፣ ያንኑ ይመለሳል፣ ደንበኛው በመሀል ከሌላ ይገዛል። በወር ስንት ካርቶን እንዲህ እንደሚሄድ ለአንድ ወር ይመዝግቡ፤ በአንዱ ኪሳራ ያባዙት። የሚለቀቀውን ካሬ ሜትር ደግሞ በኪራዩ። የሁለቱን ድምር ከማሽኑ ዋጋ ጋር ያስተያዩ።

ከመፈረም በፊት

የማሽኑን ቅርጽ በኖራ በልኩ ወለሉ ላይ ይሳሉና ሠራተኞቹ በጭንቅ ሰዓት በዙሪያው ጋሪ እየገፉ ይሥሩ። የት እንደሚጋጩ ያኔ ይታያል።

የመረከቢያ ሙከራው በእርስዎ ዕቃ ይሁን። ሻጩ ይዞት በመጣው አዲስ ነጭ ካርቶን አይሁን። የተጨማደደውን፣ አቧራ የጠጣውን፣ በሽቦ የታሰረውን 500 ካርቶን ሰብስበው ያሳልፉ። ስንቱ አልተነበበም፣ ስንቱ ተሳስቶ ወረደ፣ ይጻፍ። መሀል ላይ ዋናውን ብሬከር ራስዎ ያውርዱ፤ መስመሩ ላይ የነበሩት ካርቶኖች መብራት ሲመለስ የት እንደሚወርዱ ይቁጠሩ። ከክፍያው የተወሰነው እስከዚያ ቀን ይያዝ።

ውሉ ላይ የመለዋወጫ ዝርዝር ከነኮዱ፣ የኤሌክትሪክ ሥዕሉ፣ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ኮፒና የይለፍ ቃሉ እንደሚሰጥዎ ይስፈር። የይለፍ ቃሉ ከሌለዎት አንዲት መውጫ ለመጨመር እንኳ ያንኑ ሻጭ ከአገሩ በአውሮፕላን ማስመጣት ሊኖርብዎ ነው። ካለዎት ግን ሥራውን የሚችሉ ልጆች በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ፖሊ ካምፓስ፣ አካባቢ አይጠፉም።